ድምፅ የሌለው ግድግዳ

የጥሩወርቅ ግድግዳ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ላይ ይህን የምለው ለማመስገን ነበር።

የድሮዎቹ ግድግዳዎች ሲነሡ ያቃስቱ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቀትር ላይና አመሻሽ ላይ፣ ተራው የደረሰ ግድግዳ ሁሉ ይንቀሳቀሳል። ልጅ የተወለደበት ቤት በአንድ ሰው ድርሻ ይሰፋል፤ ሰው የወጣበት ወይም የሞተበት ቤት በአንድ ሰው ድርሻ ይጠባል። ድርሻ ማለት አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በመካከላቸውም ዞር ማለት የሚያስችል ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ለማንም አይሰጥም። ለባለሥልጣን ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ እኔ ባለሥልጣን ቤት ገብቼ ስለማላውቅ አልመሰክርም። ሰዓቱ ሲደርስ ድስቱን ከመደርደሪያው ጫፍ እናሸሻለን፣ ሕፃን ያለው ሕፃኑን ያቅፋል፣ ከዚያ ቆመን እንጠብቃለን። ለምደነዋል።

ሶስና እባላለሁ። ሰፈሩ እትዬ ሶሲ ይለኛል። ቤቴ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ የህንፃችን እድር ጸሐፊም እኔው ነኝ፣ ሌላ እሺ የሚል ስለጠፋ። እኛ በተወለድንበት ጊዜ ሕፃኑ ሁሉ ሶስና፣ ቤዛ፣ ኪሩቤል ነበር። ዛሬ እነዚህ የሽማግሌና የባልቴት ስሞች ሆነው ቀርተዋል። የአሁን ወጣቶች የሚጠሩት በቅድመ አያቶቻቸው ስም ነው። ጥሩወርቅ ስላችሁ አሮጊት እንዳይመስላችሁ፤ ገና ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት፣ እኔ ቤት ተጠግታ ነው የምትኖረው። ተማሪ የሚደርሰው ግማሽ ድርሻ ስለሆነ አልጋ እንጂ ወንበር የላትም። ስታጠና የልብስ ስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጠው፤ ተነሺ ስላት ደግሞ አትሰማም።

ይቺ ልጅ አምስት ዓመት ሙሉ ህንፃችንን መሞከሪያ አድርጋዋለች። በመጀመሪያው ዓመት ከጭቃና ከጤፍ ጭድ ጡብ እሠራለሁ ብላ ሰገነቱ ላይ ደረደረችው። ዝናብ መጣና የታጠበ ልብሳችን ሁሉ ቡናማ ሆነ። የአንሶላዬ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በሁለተኛው ዓመት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ሰው የት የት ቆሞ እንደሚያወራ ስታይ ከረመች። እኛ የመኖሪያ ድርሻ ቢሮ ሰላይ መስላን ነበር። በኋላ የሦስተኛውን ፎቅ ማረፊያ በሁለት ክንድ አስፍታ መቀመጫ አበጀችለት፤ አሁን ሰፈሩ ወሬውን የሚያወራው እዚያ ነው። እሷ የምትለካው በክንዷ ነው፣ መለኪያ ቦርሳዋ ውስጥ እያለ። ለምን ስላት፣ «ሰውም ቤቱን የሚያውቀው በሰውነቱ ነው» አለችኝ። አፍ አላት።

ግድግዳው የመመረቂያ ሥራዋ ነው። የአምስተኛ ፎቅ ቤቶችን ግድግዳ አስፈቅዳ ነቀለችና በቀርከሃና በእንሰት ቃጫ የተሠራ ቀላል ግድግዳ ተከለች። ስትነካው እንደ ሰሌን ይለሰልሳል። ሲንቀሳቀስ አይሰማም። ዕቃ ካገኘ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ሰው ካገኘ ደግሞ በላዩ ላይ ያለው ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ይበራል፣ ግድግዳው ይቆማል፣ መብራቱ ሲጠፋም እስከሚቀጥለው ቀትር ወይም አመሻሽ ይጠብቃል። የመኖሪያ ድርሻ ቢሮ ከወደደው በከተማው ሁሉ ሊተክለው፣ ለእሷም ከምርቃት በኋላ የራሷን ሙሉ ድርሻ ሊሰጣት ቃል ገብቷል። የመጨረሻው የሙከራ ሳምንት ላይ ነበርን። በዚያ ሳምንት ግድግዳው ሰው አግኝቶ ሁለት ጊዜ ከቆመ፣ ማለትም ከተደናቀፈ፣ ሥራው ወድቋል ማለት ነው። ይህን ለሁላችንም ነግራን ነበር፤ እኛም በሰዓቱ ከመንገዱ እንርቅ ነበር፣ ለልጅቷ ስንል።

ያን ቀን ጠዋት ጋሽ ኪሩቤል መጡ። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ድሮ የአውቶብስ ሾፌር ስለነበሩ እስከ አሁን ሲያወሩ ወደ መስኮት እያዩ ነው። ገብተው በሩን ዘጉት።

«የእማማ ቤዛ ልጅ» አሉ። «ጆሲ። ከዳሎል ተደውሎልኝ ነው።»

እጄ ላይ መቀስ ነበር፤ አስቀመጥኩት። ጆሲ የእማማ ቤዛ አንድ ልጅ ነው። አፋር በረሃ ውስጥ ጨው ሜዳው ላይ ነበር የሚሠራው። ሙቀት መታው አሉ። ጓደኞቹ ሐኪም ቤት አድርሰውት ነበር፤ አልሆነም።

«ማን ሰምቷል?» አልኩ።

«አንቺና እኔ። እህታቸው አዜብ ከጅማ ተነሥታለች፣ ሌሊቱን ትደርሳለች። ነገ ሊነጋጋ ሲል እንነግራለን።»

ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም። መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ ሴትዮዋ ብቻቸውን ሽንኩርት እየላጡ፣ አይነገርም። ለዚያውም የደም ግፊት አለባቸው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ ሲወድቁ የሚይዝ እጅ ይዘጋጃል። ዘመኑ ስንቱን ነገር ሲለውጥ ይህን አልነካውም። እስከዚያ ድረስ ፊታችንን አስተካክለን እንውላለን። ጋሽ ኪሩቤል ፊታቸውን ማስተካከል አይችሉበትምና ቤትዎ ይዋሉ ብዬ ሰደድኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ ጥሩወርቅ እየሮጠች ገባች። የግድግዳዎቹን ሥራ የምትከታተልበት ሰሌዳ በእጇ ነበር።

«እትዬ ሶሲ፣ የእማማ ቤዛ ግድግዳ ለቀትር ትዕዛዝ መጥቶለታል። በአንድ ድርሻ ግባ ይላል። ተሳስቶ ይሆን? ማንም እኮ አልወጣም።»

ሰው እዚህ ሲሞት አስቀድሞ ቤተሰብ ያውቃል፣ ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ከዚያ ነው ቢሮ ሄዶ የሚነገረው። የጆሲን ሞት ግን ያስመዘገበው የዳሎል ሐኪም ቤት ነው። ሐኪም ቤቱ ለቢሮው ነገረ፣ ቢሮው ለግድግዳው ነገረ። ከእናቱ በፊት ግድግዳው ሰምቷል።

ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

«አቁሚው» አልኳት።

«አልችልም። ትዕዛዙ ከቢሮ ነው፣ እኔ ማየት ብቻ ነው የምችለው።» ሰሌዳዋን ገለበጠችው። «ይገባና የጆሲን አልጋ ይዞት ይሄዳል። እሳቸው ወጥ ቤት ሆነው ድምፅ እንኳ አይሰሙም። ዞር ሲሉ ቤቱ ጠቦ ያገኙታል።»

ድምፅ እንዳይኖረው ሁለት ዓመት የደከመችው እሷ ናት። ፊቷን ሳየው ላባብላት ፈለግሁ፤ ጊዜ ግን አልነበረም።

«ሰው ካገኘ ይቆማል ብለሽ የለም?»

«ይቆማል። ቀትር ላይ አንዴ፣ ማታ አንዴ።» የራሷን ጣቶች አየች። «ሁለት ጊዜ።»

ምን ማለቷ እንደሆነ አውቄያለሁ። ሌላ ሰው ብሆን ኖሮ አንቺ ቅሪ፣ እኔ እቀመጣለሁ፣ እል ነበር፤ ማን ቢቀመጥ ግን ለእሷ ለውጥ የለውም። ተነሥታ የቁም መስታወቴ ውስጥ ፊቷን አየች፣ በመዳፏ ጠረገችው፣ «የቱን ጨርቅ እንያዝ?» አለችኝ።

ያለኝን ሰፊ ጨርቅ ይዘን ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣን። እማማ ቤዛ በሩን ከፈቱልን፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግድግዳውን ደገፍ ብለው ነው የሚሄዱት። ለአንድ ደንበኛ መጋረጃ ልቆርጥ ነው፣ የኔ ቤት አይበቃኝም፣ አልኳቸው። ጨርቁን በጆሲ ድርሻ ላይ ዘረጋሁት፣ ከአልጋው እስከ ነሐሱ መስመር። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ የሚያልቅበት ወለሉ ላይ ቀጭን የነሐስ መስመር አለ። የጆሲ አልጋ ተነጥፏል፤ ትራሱ ላይ ንጹሕ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል። ለበዓል ይመጣል ብለው ነው።

«ሶፋው ጋ አይሻልሽም? እዚያ ሰፊ ነው» አሉኝ እማማ ቤዛ።

«እዚህ ብርሃን አለ» አልኩ። መስኮቱ ከሶፋው በኩል ነበር። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው፣ ምን ላድርግ።

እሳቸውም መስኮቱን አዩት፣ እኔንም አዩኝ፣ ወደ ወጥ ቤት ተመለሱ። ጥሩወርቅ የጨርቁን ጫፍ ይዛ ተንበርክካለች። ቀትር ሆነ። መብራቱ ከጀርባችን በራ። የሚቆረጥ ነገር ሳይኖር መቀሱን አንሥቼ ቆረጥኩ፤ ሃያ ዓመት ስሰፋ እንደዚያ የተጣመመ ቆርጬ አላውቅም።

«ሶሲ» አሉኝ እማማ ቤዛ ከወጥ ቤት። «ለጆሲ አንድ ሸሚዝ ትሰፊልኛለሽ? ልኬቱን መቼም ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ትንሽ ሰፋ አድርጊው። እዚያ በረሃ ላይ የጠበበ አይሆንም።»

ጥሩወርቅ አንገቷን ደፋች። ጨርቁ ላይ አንድ ጠብታ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ በእጄ ሸፈንኩት። ከዚያ መብራቱ ጠፋ። የግድግዳው ተራ ለማታ ተዛወረ ማለት ነው። ተነሥቼ ወገቤን ያዝኩ፣ እውነትም ቆርጥሞኝ ነበር።

ለማታ ጨርቅ አይበቃም ነበር፤ ሁለተኛ ጨርቅ ይዞ መምጣት ራሱ ያስጠረጥራል። ጋሽ ኪሩቤል የእድር ስብሰባ እንበል አሉ። የእድር ስብሰባ ሰው ቤት ውስጥ ተደርጎ አያውቅም፣ ሁሌም ማረፊያው ላይ ነው። እሳቸው ግን ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም፣ እኔም አልነበረኝም። ሌሎች አራት ጎረቤቶች ተነገራቸው፤ እያንዳንዳቸው ሲነገራቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፣ ከዚያ ፊታቸውን አስተካክለው ተከተሉን።

አሁን ሳስበው እንዴት እንዳልታየን ይገርመኛል። ቤቱ ሁለት ድርሻ ነው። የሶፋው ወገን ባዶ ሆኖ፣ ሰባት ሰው በጆሲ ወገን ታጨቅን። ሁለቱ አልጋው ላይ፣ ሦስቱ መሬት ላይ፣ ጋሽ ኪሩቤል ግድግዳውን በጀርባቸው ተደግፈው፣ ጥሩወርቅ ከእግራቸው ሥር። ከነሐሱ መስመር አንዲት እግር አልወጣችም። አውቶብስ ውስጥ እንዳለን ነበርን፣ ሾፌሩም እኛው ጋ ቆሟል።

«እንግዲህ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል፣ «የእድሩ ድንኳን አርጅቷልና…»

በክርኔ ጎናቸውን ጎሸምኩ። በዚያች ምሽት ድንኳን ይነሣል?

«ማለቴ የውኃ ታንከሩ» አሉ። «የውኃ ታንከሩ አርጅቷል።»

ስለ ውኃ ታንከር አወራን። ማንም የማያውቀውን ነገር ሁሉም ተናገረ። አንዱ ጎረቤታችን ታንከሩ ይቀባ አለ፣ ሌላው ይቀየር አለ፣ ቀለሙ ላይ ሊጣሉ ደረሱ። እማማ ቤዛ ባዶው ሶፋ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ያዩናል፤ ተራ በተራ፣ አንዳችንንም ሳይዘሉ። መብራቱ በራ። ያኔ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው ተነሡ፣ በመካከላችን አልፈው መጡ፣ «ጠጋ በሉልኝ» አሉ። አልጋው ላይ፣ ከትራሱ አጠገብ፣ ተቀመጡ። ፎጣውን አንሥተው እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

የታንከሩ ወሬ ቆመ። ማንም ሊቀጥለው አልቻለም። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ስምንታችን እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተቀመጥን። የጥሩወርቅ ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው መደናቀፍ ሲመዘገብ አየሁት። እሷ አላየችውም፤ እማማ ቤዛን ነበር የምታየው።

መብራቱ ጠፋ።

«በሉ ሂዱና ተኙ» አሉን እማማ ቤዛ። «ነገ በጊዜ ትነሣላችሁ።»

ደረጃው ላይ ደርሰን ነው ጥሩወርቅ ክንዴን የያዘችው። «ነገ በጊዜ እንደምንነሣ ማን ነገራቸው?» አለችኝ። ጋሽ ኪሩቤልም ሰሙ። ተመልሰን እናንኳኳ ወይስ እንተው፣ ማረፊያው ላይ ቆመን ተከራከርን። ተውነው። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ አሁን አላውቅም።

ሊነጋጋ ሲል ከእህታቸው ከአዜብ ጋር ወጣን። በሩ ክፍት ነበር። እማማ ቤዛ ጥቁር ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ የጆሲ አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ሌሊቱን የተኙም አይመስልም። አዜብ ልታቅፋቸው ስትጠጋ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ግቡ» አሉ። «ሁላችሁም ግቡ። ንገሩኝ።»

ጋሽ ኪሩቤል ኮፍያቸውን አወለቁ። «እማማ ቤዛ፣ እንግዲህ እርስዎም ሳያውቁት አልቀሩም…»

«እሱን ተወው» አሉ። «ማወቄን ተወውና በወጉ ንገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ የጠበቅኳችሁ በወጉ እንድትነግሩኝ ነው።»

ጋሽ ኪሩቤልም ነገሯቸው። ስሙን ከነአባቱ ጠርተው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ ቆመው ነገሯቸው። እማማ ቤዛ ያን ጊዜ እንደሰማ ሰው ሆነው ጮኹ። ያዝናቸው። እጅ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ብዙ እጅ።

ከለቅሶው መካከል፣ ሰው ሲያርፍ፣ ጆሮዬ ላይ ነገሩኝ። ቀትር ላይ ብርሃን በሌለበት ብርሃን አለ ስል ጠርጥረው ነበር። ማታ ሁላችንም የልጃቸው ቦታ ላይ ስንታጨቅ አወቁ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ ግድግዳው ሲገባ አይተዋልና የሚሆነውን አይስቱትም። «ታዲያ ለምን ዝም አሉን?» አልኳቸው። «አንድ ሌሊት ጨመራችሁልኝ» አሉኝ። «ለምን ላበላሸው? እሱ ቦታ ላይ ጋደም ብዬ አደርኩ።» ይህን ሲሉኝ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሳቸው አባበሉኝ።

ጥሩወርቅ የመመረቂያ ሥራዋን ያቀረበችው ከአሥር ቀን በኋላ ነው። ሕዝብ መግባት ስለሚችል እኔና ጋሽ ኪሩቤል ከኋላ ተቀመጥን። መምህርቷ ዶክተር ናርዶስ ቀጭን፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው፤ ልጅቷን እንደሚወዷት ያስታውቃል። የቢሮው ሰው አጠገባቸው ነበር።

«ግድግዳው በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ተደናቅፏል» አሉ ዶክተሯ። «ምክንያቱ ምንድን ነው?»

«ሰው ተቀምጦበት ነበር» አለች። «እኔም ነበርኩ።»

«ለምን?»

«መርዶ ስላልተነገረ ነው።»

የቢሮው ሰው ሰሌዳውን አየ። ዶክተር ናርዶስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፤ ማን እንደሞተባቸው አላውቅም፣ ግን የሞተበት ሰው አኳኋን ነበር። ቢሆንም ደንብ ደንብ ነው። ሥራው ይደገም ተባለ። ጥሩወርቅ ዘንድሮ አትመረቅም፤ የራሷ ድርሻም ቀረ። የቢሮው ሰው ሲወጣ፣ የወደቀ ግድግዳ ከወደቀበት ሰዓት ጀምሮ ተስተካክሎ እስኪፈተን ድረስ ታሽጎ ይቆያል፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ አለን። ደንቡ እንደዚያ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ወደ መስኮቱ እያዩ ፈገግ አሉ። የጆሲ አልጋ ከነፎጣው ባለበት ቆየ።

ልጅቷ እኔ ቤት ተመልሳ የስፌት መኪናዬ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም ተነሺ አላልኳትም። ሸሚዙን በእጄ ነበር የሰፋሁት፤ ሳልሰፋው መቅረት አልቻልኩም። እሷ ያን ሁሉ ጊዜ የሣለችው አንዲት እጀታ ነው። ከቀርከሃ የተቀረጸች፣ በሰው ክንድ ከፍታ ላይ የምትውል። በአዲሱ ሥራዋ ግድግዳው ትዕዛዝ ቢመጣለትም አይነሣም፤ የቤቱ ሰው እጀታዋን ይዞ ካልገፋው ባለበት ይቆማል። ሲገፋም ያቃስታል። ድምፁን መልሳ አስገባችው። ዶክተር ናርዶስ ሥዕሉን አይተው፣ «እንዲህ ከሆነ እኮ ሁሉም ይዘገያል» አሏት። «ይዘግይ» አለች። አፍ አላት አላልኳችሁም?

የሙከራው ፈቃድ የወጣው ከጆሲ አርባ በኋላ ነው። የትኛው ቤት ይሞከር ሲባል እማማ ቤዛ እኔ ጋ አሉ። ለአራስ ቤት ቦታ እየተጠበቀ መሆኑን ያውቃሉ፤ ከጎናቸው ያለችው ልጅ መንታ ወልዳለች። አልጋውን እኛ አወጣን። ሸሚዙን እሳቸው አጥፈው ሣጥን ውስጥ አኖሩት። ሰፈሩ በሙሉ መጥቶ በሶፋው ወገን ቆመ፤ በጆሲ ወገን የቀረ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ኪሩቤል ሊያግዟቸው ሲጠጉ፣ «ተወኝ» አሉ። እጀታዋን በሁለት እጃቸው ያዙ። ግድግዳው አቃሰተና ተነሣ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። መካከል ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ግንባራቸውን ቃጫው ላይ አስደገፉ።

«ደከመኝ» አሉ። «ትንሽ ልረፍ።»

ጥሩወርቅ ሮጣ ወንበር አመጣችላቸው። ተቀመጡ። ማንም ሰዓት አላየም። ግድግዳውም ቆሞ ጠበቃቸው።